ሦስተኛዋ ሽቦ

ከስታዲየም ጀርባ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ክፍል አራት መቶ ሰባት፣ ለገሃርን ቁልቁል የሚያይ፣
ብርድ ልንገጥም መጣን።
«ብርድ በገንዘብ?» አለች ተዋበች፣ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣
«ጥቅምት በነጻ የሚሰጠንን? ወይ የሀብታም ተስፋ!»

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ሙቀት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤
በቀትር የብረት በር በጨርቅ ይዤ ከፍቻለሁ።
አልመለስኩላትም። አቶ ሽመክት ኮከብ ይፈልጋል፤
ኮከብ ያለ ማቀዝቀዣ አይገኝም ብለውታል፤
ከሰማይ ያጣውን ከግድግዳ ሊያበቅል ቆርጧል።

ግድግዳው ተበሳ። በቀዳዳው ከተማው ገባ፦
የባቡሩ ጥሩምባ፣
የሲሚንቶ አቧራ፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል የረዳት ጎርናና ድምፅ።
የብረቱን ሳጥን፣ እጅጌ የምንለውን፣
ማሽኑ እንደ ክንድ የሚያጠልቀውን፣
ገፍተን አስገባነው። «ኢብሳ፣ ውሃ ልኩን አምጣ።»
ልጁ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ አረፋዋን መሃል ሊያመጣ
ይታገላል።
«ተው፤ ወደ ደጅ ትንሽ ይዘንበል፣
የጥፍር ውፍረት ያህል።
ማሽንም ያልበዋል፤
ላቡ መውጫ ካጣ እንግዳው አልጋ ላይ ይተኛል።»
ለሁለት አነሣነው። ወገብ መለዋወጫ የለውም።

ወርጄ መስመሩን ዘጋሁ። «ሰው እየሠራ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣
በፕላስተር ለጠፍኩ፤
ወረቀት ማን ያምናል? የሳጥኑን ቁልፍ ኪሴ ከተትኩ።
ተመልሼም ሽቦውን በመሞከሪያ ነካሁት፤
አንዴ፣ ሁለቴ፤ መሞቱን አረጋገጥኩት።

ሶኬቱ ግን ሁለት ዓይን፣ መሰኪያው ሦስት ጥርስ።
አቶ ሽመክት ቁና ቁና እየተነፈሰ ደረሰ።
«ቁረጣት ሦስተኛዋን፤ ምን ሥራ አላት?
መብራቱንም ከኮሪደሩ በኤክስቴንሽን አምጣላት፤
ሽቦ ዘንድሮ ወርቅ ነው።»

ወርቅስ ወርቅ ነው።
ያ ቀጭን ኤክስቴንሽን ግን ሰሙ ነው፤
ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ሰሙ ይቀልጥና
ወርቁ ብቅ ይላል፤ መጋረጃው ደግሞ ቅርብ ነውና…
ያን ቅኔ የሚፈታው እሳት አደጋ ነው።

ስለ ኑረዲን አልነገርኩትም።
ቀፊራ፣ ጭማቂ ቤት፣ ወለሉ ገና አልደረቀም፣
የማቀዝቀዣውን እጀታ በሳቅ እንደጨበጠ ቀረ።
ሽቦ ያላገኘ መብራት፣ በሰው በኩል ነው የወረደ።
የተዋበችን እጆች አየሁ። ውሃ ያንጠባጥባሉ።

«ይቺ» አልኩ፣ «አረንጓዴና ቢጫዋ፣ መሬት ናት።
መሬት የሌለው ነገር ሰው ይገድላል።»
አቶ ሽመክት ዝም አለ።
ምን እንደሰማ እንጃ፤ ፊቱ ላይ አንድ ግቢ አለፈ፣
መንገድ የበላው፣ ዋርካው ከነጥላው የረገፈ።
ከኪሱ ገንዘብ አወጣ፤ ሁለቴ ቆጠረው፤
«ሃያ ሁለት ሜትር» አለ፣ «ለብቻው መስመር ሳብለት፤ ጨርሰው።»

ሲመሽ አስነሣነው።
ለተዋበች እንዲህ አልኳት፦ መጋረጃ አታልብሺው፣
ወንፊቱን በየሁለት ሳምንቱ እጠቢ፤ መጀመሪያ ግን ንቀይው።
መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አታስነሺው፤
ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤
ዳገት የወጣ ሰውስ ቁጭ ሳይል ወግ ይጀምራል ወይ?

የመጀመሪያው እንግዳ የሰመራ ነጋዴ ነበር።
ጋቢ ደርቦ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ከበር፦
«ይሄ ነገር ያሞቃል?» አለ።
ተዋበች ሳቋን በመወልወያዋ እንጨት ደገፈችው።
ያሞቃል። ቁልፉን ኢብሳ አዞረለት።

እኔ ቤቴ ገባሁ። አንድ ክፍል፣ የአከራዬ መብራት፣
ከግድግዳ ግድግዳ የተወረወረ፣ ስንት ቦታ የተቋጠረ፤
ዘንቦ ነበር፤ በሩ ሲረጥብ ይነዝራል።
መሬት አለው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።
የብረቱን በር
በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት።